ፍላይዊሉን ከማቅለላችሁ በፊት

ወደ ጋራዥ የሚመጡ ወጣት ባለመኪኖች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ «ፍላይዊሉን ብናቀለው ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል ወይ?» አይጨምርም። ፍላይዊል ጉልበት አያመነጭም፤ ሞተሩ የሰጠውን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ሞተሩ ሲደክም ይመልሳል። ከባዱ ብዙ ስለሚይዝ ዙሩን ለመጨመርም ለመቀነስም ጊዜ ይወስዳል። ቀላሉ የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ እግራችሁ ነዳጅ ሲረግጥ ወዲያው ይነሣል፣ ሲለቅም ወዲያው ይወርዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ምርጫው ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው የፍላይዊልን ሥራ ያውቀዋል። እጅ ከለቀቃት በኋላ እንዝርቷን የሚያሽከረክራት በዘንጓ ላይ የተሰካችው ክብ ክብደት ናት። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተርም በአንድ ዙር የሚገፉት ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ናቸው። አንዱ ገፍቶ ሌላው እስኪገፋ ድረስ ክራንክ ሻፍቱን የሚያዞረው ከጫፉ የታሰረው ብረት ነው። የሚይዘው ጉልበት ደግሞ በዙሩ ልክ ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሚኒሞ፣ ማለትም በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ፣ የያዘው በ3000 ዙር ከሚይዘው አንድ አሥራ ስምንተኛ ያህል ነው። ሞተር በሚኒሞ የሚንቀጠቀጠውና መኪና ሲነሣ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ናፍጣ ሞተር ጭመቃው ኃይለኛ ስለሆነ ከባድ ፍላይዊል የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። 8 ኪሎ የሚመዝን፣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 14 ሴንቲሜትር የሆነ ወጥ ክብ ብረት እንውሰድ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር፤ ጎማው ከመሃሉ እስከ መሬት 29 ሴንቲሜትር ይሁን። ይህን ፍላይዊል ከመኪናው ጋር አብሮ ማፍጠን በመኪናው ላይ 180 ኪሎ ገደማ ጭኖ እንደማፍጠን ነው። ቅርጹን ሳንቀይር ክብደቱን በግማሽ ብንቀንስ 90 ኪሎ ያወረድን ያህል እናተርፋለን። በአምስተኛ ማርሽ ግን ሞተሩ 3.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ ትርፋችን 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአስፋልት በከፍተኛ ማርሽ የሚጓዝ ሰው ከቀላል ፍላይዊል የሚያገኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ትርፉ ያለው በአንደኛ ማርሽ ነው። ኪሳራውም እዚያው ነው፤ መኪና ከቆመበት ሲነሣ የተቀመጠውን ጉልበት የሚጠይቀው በዚያችው ማርሽ ነውና። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ዙሩ ከ1500 ወደ 1000 ቢወርድ ፍላይዊሉ ከያዘው ከግማሽ በላይ ያወጣል። ቀላሉ የሚያወጣው ስለሌለው ሹፌሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ያቆያል፣ ሸራውም ይቃጠላል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል። ሰው የሞላች መኪና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ በየመቶ ሜትሩ ቆማ ትነሣለች። ለእንዲህ ያለው ሥራ የፋብሪካው ክብደት ትክክል ነው፤ እኔ በበኩሌ ለታክሲም ሆነ ለቤተሰብ መኪና ቀላል ፍላይዊል አልመክርም።

ቀላሉ የራሱ ቦታ አለው፤ እሱም ውድድር ነው። ዙሩ ሁልጊዜ ከፍ ባለበት፣ ማርሽ በቅጽበት በሚቀያየርበት፣ ከመታጠፊያ በፊት ማርሽ ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በአንዲት ምት ከማርሹ ጋር መግጠም ባለበት ቦታ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በሚኒሞ መንቀጥቀጡን፣ ከካምቢዮው የሚመጣውንም ኳኳታ ተወዳዳሪው ይችለዋል።

ይህን የወሰነ ሰው ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የተቀነሰበትን ቦታ ይጠይቅ። ከጠርዙ የተነሣ አንድ ኪሎ፣ በግማሽ መንገድ ላይ ከተነሣ አንድ ኪሎ አራት እጥፍ ይሠራል። ሚዛን ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ፍላይዊሎች ሞተር ላይ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ።

የምፈራው ግን ቶርኖ ቤቱን ነው። ብዙው የፋብሪካ ፍላይዊል ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል። ሲሽከረከር ደግሞ ወደ ውጭ ይሳባል፤ በ6000 ዙር ያለው መሳሳብ በ3000 ካለው አራት እጥፍ ነው። ፍሪሲዮን በሰነጣጠረው ብረት ላይ ቢላ አስገብቶ ማሳሳት፣ ያውም ባላንሱን ሳያዩ መልሶ ማሰር፣ በሹፌሩ እግር አጠገብ የሚፈነዳ ነገር ማስቀመጥ ነው። ስብርባሪው የፍሪሲዮኑን ቤትም የመኪናውን ወለልም ሊበሳ ይችላል። ቀላል የምትፈልጉ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ግዙ፣ ከክራንክ ሻፍቱና ከፍሪሲዮኑ ጋር ባላንስ አስደርጉት። ቶርኖ ላይ የምትሠሩ ወንድሞቼም እባካችሁ፣ ደንበኛ የፋብሪካ ፍላይዊል ይዞ «አሳሳልኝ» ሲላችሁ ሥራውን አትቀበሉ።