ከኮንክሪቱ በታች የሚሄደው ነዳጅ

ጭድ ተራ ሱቁን ዘግቶ ሌሊት ወደ ጓንግዡ ለዕቃ የሚበር ነጋዴ የነዳጁ ነገር አያሳስበውም። ጅቡቲ ላይ ዕቃ ሲዘገይ የሚመጣውን ጣጣ ግን ከማንም በላይ ያውቃል። የሚሳፈርበት አውሮፕላን ነዳጅም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1998 የአሰብን በር ከዘጋ ወዲህ ቦቴዎች ከጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። የአንድ ቦይንግ 787-8 ታንክ 126,000 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ ሙሉ እንሙላው ቢባል ሦስት ቦቴ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን የነዳጅ ሥርዓት የሚነድፍ መሐንዲስ ገና የማከማቻ ታንኩን ስፋት ሳያስብ፣ መንገዱ ቢቋረጥ ስንት ቀን እንቆያለን ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ፈተና ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። የዋሽንግተን በረራ ለዓመታት ሲሄድ ደብሊን ላይ ነዳጅ እየጨመረ፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ያው ስስ አየር የነዳጅ ፓምፑንም እንደሚያስቸግር ግን ብዙም አይወራም። ነዳጁን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት እዚህ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በነዳጅ ቁመት ሲሰላ ሦስት ሜትር ገደማ ይጎድላል። የወደብ ከተማን ንድፍ እንዳለ የገለበጠ ሰው ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጠርበታል፤ አረፋውም ብረቱን እየቦረቦረ ይበላዋል። መፍትሔው ፓምፑን ከታንኩ ዝቅ ማድረግ ወይም የመሳቢያውን ቧንቧ ማስፋት ነው። ሞተሩና ጄኔሬተሩም በዚህ ከፍታ አቅማቸው ስለሚቀንስ ከፍ ያለ መጠን ይመረጥላቸዋል።

የቀን አማካይ ፍጆታም ያሳስታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎች በማዕበል ይመጣሉ፣ በማዕበል ይሄዳሉ፤ የፓምፑ አቅም የሚለካው በዚያች በተጨናነቀች ሰዓት ነው።

ውኃ ደግሞ የሁልጊዜ ጠላት ነው። ስለዚህ አንዱ ታንክ ነዳጅ ሲቀበል ሌላው ውኃው እስኪዘቅጥ ይረጋል፣ ሦስተኛው ያከፋፍላል። ውኃው እንዲጠራቀም የታንኩ ወለል ወደ መሃል ያዘቀዝቃል፤ ነዳጁ ከላይ ከላይ በሚንሳፈፍ መሳቢያ ይቀዳና በማጣሪያ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የቦሌ ተርሚናል ማስፋፊያ ለ22 ሚሊዮን መንገደኞች ታስቦ ነው፤ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አውሮፕላን ማረፊያ በመጨረሻ ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲያስተናግድ ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ቦቴ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ማዞር አያዋጣም፤ ነዳጁ በምድር ውስጥ ቧንቧ እስከ ማቆሚያው መድረስ አለበት። የቀለበት መስመሩ፣ የመዝጊያ ቫልቮቹና ለቀጣዩ ምዕራፍ የሚተዉት የቧንቧ ጫፎች ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ይቀበሩ፤ ሥራ የጀመረ ማቆሚያን አፍርሶ ቧንቧ መዘርጋት በረራ ማስቆም ነው።