የተዘለለው ሌሊት

አንድ ስብከት አለ፤ ሳትሰሙት አትቀሩም። ከኋላ ፈርዖን፣ ከፊት ባሕር፣ መሃል ላይ አንተ። ሰባኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወደፊት!» ይላል፣ ኪቦርዱ ይከተለዋል፣ ባሕሩ ይከፈላል፣ አሜን ይባላል።

ባለፈው ክረምት ልደታ ኮንዶሚኒየም በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ይህንን ስብከት በስልኬ ደጋግሜ እሰማ ነበር። ውጭ ሀገር ሥራ አግኝቼ መልስ ለመስጠት አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። እናቴ ደግሞ ታማለች። የጸሎት ጓደኞቼ «በሩ ከተከፈተ ጥሪ ነው፤ እምነት ካለህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ክርክሩ ሲጠናብኝ ስልኩን ዘግቼ ዘጸአት 14ን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስብከቱ ታሪኩን ሲያሳጥር ምን እንደጣለ የገባኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሕዝቡ ወደፊት እንዲሄድ የተነገረው ባሕሩ ገና እንዳለ ሳለ ነው። ባሕሩን የገፋው ነፋስም ሌሊቱን ሙሉ ነው የነፈሰው። ስብከቱ ውስጥ ሁለት ሰከንድ የሚፈጀው ነገር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሙሉ ሌሊት ይወስዳል።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ከፊት ከፊት ሲመራቸው የነበረው የደመና ዓምድ በዚያች ሌሊት ወደ ኋላቸው ዞሮ በእነሱና በግብፅ ሠራዊት መካከል ይቆማል። ልብ በሉ፤ መሪ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከፊታቸው ምልክት የለም። እግዚአብሔር አልተዋቸውም፤ ግን የሚጠብቃቸው ዞር ካላሉ በማያዩት በኩል ነው።

ሦስተኛው ፍርሃታቸው ነው። ስብከቱ የፈሩትን መሳቂያ ያደርጋቸዋል። መጽሐፉ ግን ምሬታቸውን ሳይቆርጥ ይነግረናል፤ ደግሞም ያጉረመረሙት እዚያው አልቀሩም፣ አብረው ተሻግረዋል።

ከዚህ ንባብ በኋላ ከአእምሮዬ ያልጠፉት ሰው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ወንጌልንና ልማትን መነጣጠል አይገባም፣ የሰው ነፍስና ሥጋ አንድ ላይ ነው የሚታየው ከሚሉት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ነበሩ። ደርግ አሰራቸው፣ ፈታቸው። ሲፈቱ ወዳጆቻቸው ከሀገር እንዲወጡ ወተወቷቸው፤ መንገዱም ነበር። እሳቸው ግን በመከራ ጊዜ ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ፣ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እሳቸው ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ ያን ዕለት ቢለቀቁም በኋላ ተይዘው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም ነው።

በዚያ ስብከት ሚዛን ከለካናቸው ጉዲና «ያልተሻገሩ» ሰው ናቸው። በሩ ተከፍቶ አልወጡም። ባሕሩም አልተከፈለላቸውም። ግን ከእሳቸው በላይ ወደፊት የሄደ ማንን እንጥራ? ለእሳቸው ወደፊት ማለት መቆየት ነበር። ይህን የምለው የወጡትን ለመውቀስ አይደለም፤ ዘጸአት ራሱ የመውጣት ታሪክ ነው። የተከፈተ በር ሁሉ ጥሪ አይደለም ለማለት ነው እንጂ።

ስብከቱን ግን ማናናቅ አልፈልግም። ተስፋ ቆርጦ አልጋው ላይ የዋለን ልጅ አንድ «ተነስ!» ሊያስነሳው ይችላል። እኔንም አንድ ሰሞን አስነስቶኛል። ችግሩ ከተነሳን በኋላ ለሚመጣው ጨለማ ቃል የለውም። ነገሩ ሲዘገይ ጥፋቱን የሚጥለው እኛ ላይ ነው፦ እምነትህ አንሶ ነው ይላል።

ጎረቤቴ እማማ የልደታ ነባር ሰፈር ሲፈርስ ቤታቸው ከሄደባቸው ሰዎች አንዷ ናቸው። ስንት ዓመት ተንከራተው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ተመለሱ። ከልደታ ማርያም አይቀሩም፣ የኔን ስብከትም በግድግዳው ይሰሙታል። ጭንቀቴን ሳጫውታቸው «ልጄ፣ ሂድ ያለህ ማን እንደሆነ መጀመሪያ እወቅ። እኛንም ሂዱ ብለውን ነበር፤ እግዜር ግን አልነበረም» አሉና ቡናዬን ቀዱልኝ።

ሥራውን ተውኩት። ልክ መሆኔን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴን ሐኪም ቤት የማደርሳት ግን እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን፣ እንፈራለንም።

ሰባኪዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘጸአት 14ን ስትሰብኩ ሌሊቱን አትዝለሉት። ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ ውስጥ ነው።