ቅርፊት፣ የቤት ስምና ውርስ፤ የትእዛዝ መስመርን ለማበጀት የሚያገለግሉ ሙያዊ ቃላት ሲገመገሙ

ሙያዊ ቃላት የሚሰየሙት ለመዝገበ ቃላት ገጽ ብቻ ሳይሆን ለሥራም ጭምር ነው። ስለሆነም የአንድን ስያሜ ብቃት ስንመዝን ከባዕዱ ቃል ጋር ያለውን የፍች ቅርበት ብቻ ማየት አይበቃንም፤ ስያሜውን ይዞ ወደ ሥራ የሚገባውን ሰው ይመራዋል ወይስ ያሳስተዋል ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የኮምፒዩተር ተጠቃሚ የትእዛዝ መስመሩን ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ሲያበጅ የሚያጋጥሙትን ጥቂት ቃላት ነው። መስኩ ጠባብ ቢመስልም የስየማን ችግር አጉልቶ ያሳያል፤ በዚህ መስክ ቃሉን አጣሞ የተረዳ ሰው ስሕተቱን ወዲያውኑ በሥራው ላይ ያገኘዋልና።

በቅድሚያ «ሼል» የሚለውን እንመልከት። ቃሉን ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ የሰየመው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ሲሆን፣ ጊዜውም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ሲነደፍ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ቤተ ሙከራ የተጀመረው ዩኒክስም ስያሜውን ተቀበለ። የሼል ተግባር ተጠቃሚው የጻፈውን መስመር ተቀብሎ፣ በቃላት ከፋፍሎ፣ የታዘዘውን ፕሮግራም ፈልጎ ማስጀመር ነው። ከሥሩ ሆኖ የማሽኑን ሀብት የሚያስተዳድረው ክፍል ደግሞ «ከርነል» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው መተርጐም ምሳሌውን ማፍረስ ይሆናል።

ተርጓሚው ሦስት መንገድ አለው። ቃሉን እንዳለ «ሼል» ብሎ ቢወስደው፣ ያገራችን ሰሚ በመጀመሪያ የሚያስበው የነዳጅ ማደያን ነው፤ ከጥንዱም ይነጠላል። «ዛጎል» ቢለው የባሕሩን እንጂ የፍሬውን ሽፋን አይነካም። ሦስተኛው «ቅርፊት» ነው። በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ፣ ቅርፊት የሚቀረፍና የሚጣል ነገር በመሆኑ ተጠቃሚው አሳምሮ ለሚኖርበት ነገር አይመጥንም የሚል ነው። እኛ ግን ድክመት የተባለው ነገር ጥንካሬው ነው እንላለን። ሼል እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ፕሮግራም ነው፤ ከርነሉ ሳይነካ ሊገፈፍና በሌላ ሊተካ ይችላል። አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ተጠቃሚዎች ባሽን በዚ-ሼል ሲተካ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ «ቅርፊት»ን እንደግፋለን፤ ጥንዱንም «ፍሬ» ከማለት ይልቅ «አስኳል» ብንለው «ፍሬ» ከሚሸከማቸው ብዙ ፍችዎች እንድናለን። እንቁላልን የሚያውቅ ሁሉ ምሳሌውን ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ሁለተኛው «አላያስ» ነው። ይህ ተጠቃሚው ለረጅም ትእዛዝ የሚያወጣለት አጭር ስም ሲሆን፣ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አቻ «ቅጽል ስም» ነው። ዳሩ ግን «ቅጽል» በሰዋስው ሌላ ሥራ አለው፤ ከዚያም በላይ ቅጽል ስም አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች የሚያወጡት፣ ባለቤቱንም በሄደበት ሁሉ የሚከተለው ነው። አላያስ ግን እንደዚያ አይደለም። ባሽን በመሰሉ ቅርፊቶች፣ ተጠቃሚው ራሱ ያወጣዋል፤ በተነገረበት ቅርፊት ውስጥ ብቻ ይታወቃል፤ በዚያ ለሚጀመሩ ፕሮግራሞች አይተላለፍም፤ በፋይል ተጽፈው በሚሠሩ የትእዛዝ ጽሑፎችም፣ በተለይ ካልተፈቀደ በቀር፣ አይሠራም። ይህን ሁሉ በአንድ ሐረግ የሚገልጽ ቃል አማርኛ ቀድሞውንም አለው፤ እርሱም «የቤት ስም» ነው። የቤት ስም በቤተ ሰቡ ዘንድ ይጠራል፤ ደጅ ሲወጣ ግን የሚያውቀው የለም።

ሦስተኛው «ኤክስፖርት» የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህን «ወደ ውጭ ላክ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ቡናና ቆዳ ከሚላክበት ንግድ ጋር ያዛምደዋል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። ትእዛዙ ስምና ዋጋ የያዘን ተለዋዋጭ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ የሚያስጀምረው ልጅ ፕሮግራም ሁሉ የተለዋዋጩን ቅጂ ይዞ ይነሣል። ልጁ በቅጂው ላይ የሚያደርገው ለውጥ ግን ወደ ወላጁ ከቶ አይመለስም። ጀማሪዎች የፕሮግራሞችን መፈለጊያ ጐዳና፣ ማለትም «ፓዝ» የተባለውን ተለዋዋጭ፣ በአንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ለውጠው ጽሑፉን ካሠሩ በኋላ ምንም አለመለወጡን ሲያዩ ግራ የሚጋቡት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጽሑፉ የሠራው በልጅነት ነውና። «ላክ» የሚለው ትርጕም ይህን ይሸፍናል፤ «አውርስ» የሚለው ግን አቅጣጫውን በራሱ ይናገራል። «ኢንቫይሮንመንት» የሚባለውም በዙሪያችን ያለ «አካባቢ» ሳይሆን ከወላጅ የተገኘ ንብረት ስለሆነ «ውርስ» ቢባል ከትእዛዙ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ይሆናል።

አራተኛው በመነሻ ፋይሎች ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው «አር ሲ» ነው። ይህ አኅጽሮት የሚመዘዘው ፑዛን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከሠራው «ረንኮም» ከተባለ ፕሮግራም ነው፤ ምንጩን የማያውቁ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ብዙ ናቸው። በባለቤቱ ቋንቋ የደበዘዘን ምስል በእኛ ቋንቋ ልናበራው አይገባም። ፋይሉን በተግባሩ «የመነሻ ፋይል» ብለን መጥራት ይበቃል፤ የተጻፈበት ስም ግን እንዳለ ይቀመጥ።

ይህም ወደ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ይመራናል። ማሽኑ የሚያነበው ቃል አይተረጐምም፤ «ኤክስፖርት» ብሎ የሚጽፍ ጣት «አውርስ» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ አይታዘዝለትም። ሰው የሚያነበው ማብራሪያ ይተረጐማል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ የሚሰይመው አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ ይህ ክፍል በከፊል የእኛ ሆኗል። በባሽ ፋይሎችን ለሚዘረዝረው ትእዛዝ «ዝርዝር» የሚል የቤት ስም ብናወጣለት ይሠራል። የተለዋዋጭ ስም ግን የላቲን ፊደላትን፣ አኀዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ስለሚቀበል በግእዝ ፊደል ሊጻፍ አይችልም። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ተርጓሚ ይህን ወሰን ሳይነግር ሁሉንም በአማርኛ ቢያሰፍር፣ አንባቢውን ለማይሠራ ትእዛዝ ይዳርገዋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን፦ ቅርፊትና አስኳል በጥንድነት፣ የቤት ስም፣ ውርስና አውርስ፣ የመነሻ ፋይል። በእነዚህ ላይ አስተያየት የሚሰጡ ባለሙያዎች ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት ጋር ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ ጋርም አመሳክረው እንዲመዝኗቸው እናሳስባለን።