«ኢዝ» ከሚለው ቃል በኋላ ምን ይገባል? ለልጆቻችን ስለሚሰጥ አንድ የእንግሊዝኛ ሕግ

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት የእንግሊዝኛ መልመጃ ወረቀቶች በአንዱ ላይ የሚከተለው ሕግ በደማቅ ተጽፎ አገኘን፦ ከአያያዥ ግስ በኋላ ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግስ አይገባም። አያያዥ ግስ ያልናቸው እንግሊዞች «ሊንኪንግ ቨርብ» የሚሏቸውን ነው። ባለቤቱን ስለ እርሱ ከሚነገረው ነገር ጋር የሚያያይዙት «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዎዝ»፣ እንዲሁም «ሲም»፣ «ሉክ»፣ «ፊል»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት» የመሳሰሉት ናቸው።

ወረቀቱን ያሳየችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ከስሕተተኛው እንድትለይ ታዝዛ ነበር። «ማይ ብራዘር ኢዝ አፕስቴርስ»፣ ማለትም «ወንድሜ ፎቅ ላይ ነው» የሚለውን ስሕተት ብላ ሰርዛዋለች። ለምን እንደ ሰረዘችው ብንጠይቃት መዝገበ ቃላቱን ገልጣ «አፕስቴርስ» ተውሳከ ግስ መሆኑን አሳየችን። ልጅቷ የተሳሳተችው ሕጉን ስላከበረች ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምንም እንከን የለበትም፤ ማንኛውም እንግሊዝ በቤቱ ሳያስብ የሚናገረው ነው።

ነገሩ የሰዋስው ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነው ነበር። ዳሩ ግን እንደምታውቁት የእንግሊዝኛ ባግሩት በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬሒዶት ይሰጣል፤ ልጁ የሚመደብበት ክፍልም በኋላ የሚከፈትለትንና የሚዘጋበትን የትምህርት በር ይወስናል። ምደባው የሚጀመረው እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ላይ በሚሰበሰብ ነጥብ ነው። በቤቱ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ያለው ልጅ ሕጉ ሲጎድል ይነገረዋል። የእኛ ልጅ ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ለሕጉ የሚገባውን እንስጠው። አጠር ተደርጎ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተለይ ዕብራይስጥ የለመደ ልጅ ያስፈልገዋል። በዕብራይስጥ «ሃዑጋ መሪሓ ቶቭ» ይባላል፤ ኬኩ ጥሩ ይሸታል ማለት ነው። «ዑጋ» በዕብራይስጥ አንስታይ ጾታ ናት፤ ሆኖም «ቶቫ» ሳይሆን «ቶቭ» ተባለ። ቅጽል ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን ተከትሎ «ቶቫ» ይል ነበር፤ ስለዚህ «ቶቭ» እዚህ ላይ የተውሳከ ግስ ሥራ እየሠራ ነው። «ሂ መርጊሻ ቶቭ» ስንልም እንዲሁ። ልጁ ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ ወደ እንግሊዝኛም ሲመልሰው ተውሳከ ግሱን ፈልጎ «ዘ ኬክ ስሜልስ ዌል» ይላል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ቅጽል ይፈልጋል፤ «ዘ ኬክ ስሜልስ ጉድ» ነው የሚባለው። ምክንያቱም የሚነገረው ኬኩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንጂ ማሽተትን እንዴት እንደሚሠራ አይደለም። ኬክ አፍንጫ የለውም።

እነዚህ ግሶች ደግሞ ሁለት ጠባይ አላቸው፤ አንዳንዴ ያያይዛሉ፣ አንዳንዴ ሥራ ይሠራሉ። «ዘ ሱፕ ቴስትስ ጉድ» ሲባል ሾርባው ጥሩ ነው ማለት ነው። «ማይ ማዘር ቴስትስ ዘ ሱፕ ኬርፉሊ» ሲባል ግን እናትየው ማንኪያ ይዛ እየተጠነቀቀች ትቀምሰዋለች፤ «ኬርፉሊ» የሚለው ተውሳከ ግስ ሥራዋን ይገልጻልና በትክክል ገብቷል። «ሺ ሉክድ ሃፒ» ደስተኛ መሰለች ማለት ሲሆን «ሺ ሉክድ ሃፒሊ አት ዘ ቻይልድ» ልጁን በደስታ ተመለከተችው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ትክክል ነው።

ሕጉ የሚሰበረው «ተውሳከ ግስ» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ቃል ስለሚያቅፍ ነው። በመዝገበ ቃላት «ክዊክሊ»ም፣ «ሂር»ም፣ «አፕስቴርስ»ም ያው ተውሳከ ግስ ይባላሉ። የመጀመሪያው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታን ይናገራሉ። «ማይ ብራዘር ኢዝ ክዊክሊ» አይባልም። «ማይ ብራዘር ኢዝ ሂር» ግን ይባላል፤ «ዘ ሚቲንግ ኢዝ ቱሞሮው»ም ይባላል። በመስተዋድድ የሚጀምር ሐረግም እንዲሁ ይገባል፤ «ዘ ቡክ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል»፣ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመልመጃው ወረቀት ስለነዚህ አንድም ቃል አይናገርም።

የቋንቋው ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም። ራንዶልፍ ኩወርክና ሦስት ባልደረቦቹ በ1985 ባሳተሙት ታላቁ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ባለቤትና ግስ ብቻ ይዞ የማይቆም፣ የቦታ ወይም የጊዜ ገላጭ የግድ የሚፈልግ የዓረፍተ ነገር ዓይነት እንዳለ ለይተው አስቀምጠዋል። «ማይ ብራዘር ስሊፕስ አፕስቴርስ» ከሚለው ላይ የመጨረሻውን ቃል ብናነሣ «ወንድሜ ይተኛል» የሚል ሙሉ ነገር ይቀራል። «ማይ ብራዘር ኢዝ አፕስቴርስ» ከሚለው ላይ ብናነሣው ግን የሚቀረው «ወንድሜ ነው» ዓይነት የተንጠለጠለ ነገር ነው። በ2002 የወጣው የሃድልስተንና የፑለም የካምብሪጅ ሰዋስው ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ «ሂር»፣ «አፕስቴርስ» እና የመሳሰሉት ከነጭራሹ ተውሳከ ግስ አይደሉም፣ ተከታይ ስም የማይፈልጉ መስተዋድዶች ናቸው ይላል። ከማስረጃዎቹም አንዱ «ኢዝ»ን ተከትለው በደህና መቆማቸው ነው። እኛ ይህ ሁለተኛው አስተያየት የበለጠ ያሳምነናል፤ ሕጉንም ከስብራቱ ያድነዋል። ይሁንና ለሰባተኛ ክፍል ልጅ «መዝገበ ቃላትህ ተሳስቷል» ብሎ መጀመር አይመከርም።

ለልጁ የሚቀርበው ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም በወላጆቹ አፍ ውስጥ ነው። አማርኛ «እናቴ ደግ ናት» ይላል፤ «እናቴ ቤት ናት» ይላል፤ «ሠርጉ ነገ ነው» ይላል። «እናቴ በፍጥነት ናት» ግን ማንም አይልም፤ «በፍጥነት ነው የመጣችው» ብሎ ሥራውን መጨመር የግድ ነው። ይህ ከእንግሊዝኛው «ኢዝ» ጋር እምብዛም አይለያይም። እርግጥ እኛ ለቦታ «አለ» የሚል ሌላ ግስም ስላለን «ቤት ናት»ም «ቤት አለች»ም እንላለን፤ እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ «ኢዝ» ይጨርሳል። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም «እዩ» እና «ኣሎ» ብለው ይህንኑ ልዩነት ያውቁታል።

በመስተዋድድ የሚጀምረው ሐረግ ቦታን ብቻ የሚናገር የሚመስላቸውም አሉ። ለዘመድ ደብዳቤ ስንጽፍ «እኛ በደህና ነን» እንል የለ? «በደህና» ያለንበትን ሁኔታ እንጂ ቦታ አይናገርም። ልጆቻችን በቀን መቶ ጊዜ የሚሉት «በሴዴር»ም ቢፈታ «በ» እና «ሥርዓት» ማለት ነው፤ ነገር ግን እንደ ቅጽል «ደህና» ለማለት ያገለግላል። እንግሊዝኛም «ሂ ኢዝ ኢን ጉድ ሄልዝ» ሲል በጤና ነው፣ «ሺ ኢዝ አት ወርክ» ሲል በሥራ ላይ ናት፣ «ዘ ኤሌቬተር ኢዝ አውት ኦቭ ኦርደር» ሲል አሳንሰሩ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ይህን ከ«በሴዴር» ጋር አገናኝተን ስናሳያቸው ልጆቹ ወዲያው ይስቃሉ፤ ሕጉንም ያን ጊዜ ይይዙታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ቦታን በነፃነት የሚቀበለው በተለይ «ኢዝ» ከነቤተሰቡ ነው። «ስቴይ»ና «ሪሜይን»ም መቆየትን ስለሚናገሩ ይቀበላሉ፤ «ዊ ስቴይድ አት ሆም» ይባላል። «ሲም» ግን ሁኔታን እንጂ ቦታን አይወድም። «ሂ ሲምስ ኢን ጉድ ሄልዝ» ይባላል፤ «ሂ ሲምስ ኢን ዘ ኪችን» ግን አይባልም፣ «ሂ ሲምስ ቱ ቢ ኢን ዘ ኪችን» ተብሎ መሟላት አለበት። «ዌል» የሚለውም ቃል ያሳስታል፤ «አይ አም ዌል» ሲባል ጤነኛ ነኝ ማለት ስለሆነ እዚያ ላይ ቅጽል ነው፤ «ሂ ሲንግስ ዌል» ላይ ደግሞ ተውሳከ ግስ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ይጻፍ አንልም፤ «ቦታንና ጊዜን የሚናገሩትን አይመለከትም» የሚል አንድ መስመር ግን ሊጨመርበት ይቻል ነበር።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ደግሞ ከሕጉ ጋር ግንኙነት የሌለው ነው። ዕብራይስጥ በአሁን ጊዜ «ነው» የሚል ግስ ሳያስገባ «አባ ባባይት» ስለሚል ልጆቹ «ማይ ፋዘር አት ሆም» ብለው ይጽፋሉ፣ «ኢዝ» ትጠፋለች። እዚህም ላይ ወላጅ ሊረዳ ይችላል፤ እንግሊዝኛ ባያውቅም እንኳ ልጁን «ይህን በአማርኛ በልልኝ» ቢለው ልጁ «አባቴ ቤት ነው» ይላል፣ «ነው»ም የጎደለችውን ቦታ ታሳየዋለች።

ልጅቷ የሰረዘችውን ዓረፍተ ነገር መልሳ ጽፋዋለች። ወረቀቱንም ለመምህሯ እንድታሳይ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ሰጥተናታል።