«ፍንዳታ» ወይስ «ብልጭታ»? ስለ አንድ የሥነ ፈለክ ሐረግ አተረጓጎም የቀረበ ሒስ

አንድ ሙያዊ ስያሜ ሊያሟላው ከሚገባው መስፈርት ዋነኛው ገና በጥናት ላይ ያለውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ አለማቅረብ ነው። «ከፈጣን የራዲዮ ፍንዳታዎች ጋር የተያያዙ የስበት ሞገዶች ፍለጋ» የሚለው ሐረግ ቃል በቃል ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ በዚህ መስፈርት ሲመዘን ግን ጉድለቱ ይታያል።

በመጀመሪያ «ፈጣን» የተባለውን እንመልከት። የራዲዮ ሞገድ ሁሉ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል። ክሥተቱን ልዩ የሚያደርገው በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ታይቶ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ «ቅጽበታዊ» የተሻለ ነው።

የበለጠ የሚያሳስተው «ፍንዳታ» ነው። በአማርኛ የፈነዳ ነገር ያበቃለት ነው፤ ተመልሶ አይፈነዳም። ክሥተቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲገለጽ ይህ ግምት ያስኬድ ነበር። በ2016 ግን አንዱ ምንጭ ደጋግሞ እንደሚልክ ታወቀ፤ በ2020ም በገዛ ፍኖተ ሐሊባችን ውስጥ ካለ ብርቱ መግነጢሳዊ ኮከብ ተመሳሳይ ምልክት ደረሰ። ኮከቡ አልጠፋም።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። ምንጩ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ውሕደት ከሆነ ብርቱ የስበት ሞገድ ይጠበቃል፤ ደጋግሞ የሚልክ ምንጭ ግን በውሕደት የጠፋ ሊሆን አይችልም። ተመራማሪው የሚጠይቀውን ተርጓሚው «ፍንዳታ» በማለት አስቀድሞ ይመልስበታል።

«የተያያዙ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሊጎና በቪርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው መረጃ በካናዳው ቻይም ቴሌስኮፕ ከተገኙት ክሥተቶች ጋር ተመሳክሮ ዝምድናን የሚያረጋግጥ ምልክት አልተገኘም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 25 ቀን የተመዘገበ አንድ የስበት ሞገድ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ከታየ ክሥተት ጋር ይዛመዳል የሚል ሐሳብ በ2023 ቢቀርብም አከራካሪ ሆኗል። እንግዲህ «ሊያያዙ የሚችሉ» ማለት ይገባል።

«የስበት ሞገድ» ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። ነፋስ ደሴ አጠገብ እንዳለው እንደ ጦሳ ያለ ተራራ ሲሻገር ወደ ላይ የተገፋውን አየር ስበት ወደ ታች ይመልሰዋል፤ አየሩም ከፍ ዝቅ እያለ ይጓዛል። ይህም በሜትዎሮሎጂ «የስበት ሞገድ» ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ከኅዋና ከጊዜ መናወጥ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። የአየሩ «ስበት መላሽ ሞገድ» ቢባል፣ «የስበት ሞገድ» ለሥነ ፈለኩ ብቻ ይቀራል።

በ«ፍንዳታ» ፈንታ «ብልጭታ» እንዲገባ እናሳስባለን። «ብልጭ ድርግም» የሚል ነገር ተመልሶ ሊበራ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ብሎ ቢቀርም ቃሉ አይዋሽም። ሐረጉም «ከቅጽበታዊ የራዲዮ ብልጭታዎች ጋር ሊያያዙ የሚችሉ የስበት ሞገዶች ፍለጋ» ቢባል ጥያቄው ጥያቄነቱን ይጠብቃል።