አጥንት ለኩላሊት የሚልከው መልእክት

ቅልጥም ሰብሮ መቅኔውን የመጠጠ ብዙ ነው፤ ስብራቱን ቆም ብሎ ያየ ግን ጥቂት። እስቲ ተመልከቱት። መሐሉ ላይ ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወደ መገጣጠሚያው ሲጠጋ ግድግዳው ይሳሳና ውስጡ በቀጫጭን ማገሮች የተጠላለፈ መረብ ይሆናል። ማገሮቹ በዘፈቀደ አልተበተኑም፤ አብዛኞቹ ሸክሙ በሚወርድበት አቅጣጫ ተሰድረዋል። ጎጆ የቀለሰ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ የረቀቀው ሥራ ግን በዓይን አይታይም። ኦስቲዮሳይት የሚባሉት ሕዋሳት በጠጣሩ አጥንት ውስጥ እያንዳንዳቸው በጠባብ ጉድጓድ ተቀምጠዋል። ከአጥንት ሕዋሳት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እንደ ሥር የቀጠኑ ክንዶች አሏቸው፤ ክንዶቹ በረቂቅ ቦዮች እየተሹለከለኩ የጎረቤትን ክንድ ይነካሉ። ደረቅ የምንለው አጥንት ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ይነካካል።

እነዚህ ሕዋሳት ኤፍጂኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን ይሠራሉ። ሰውነት ፎስፈረስ ሲበዛበት ሆርሞኑ ይጨምርና በደም ተጉዞ ኩላሊት ይደርሳል። ኩላሊት ፎስፈረሱን በሽንት ያስወግዳል፤ ንቁውን ቫይታሚን ዲ መሥራቱንም ይቀንሳል፤ በዚህም አንጀት ከምግብ የሚወስደው ያንሳል። በአንድ መልእክት መውጫው በር ይሰፋል፣ መግቢያው ይጠብባል። ከሰውነታችን ፎስፈረስ 85 በመቶ ያህሉ የተከማቸው አጥንት ውስጥ ነው። ጎተራው ራሱ የእህሉን ልክ ጠባቂ መሆኑን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ሌላም አለ። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሰው ኦስቲዮክላስት ጠርዙን አጥብቆ ይለጠፍና ከሥሩ አሲድ ያፈሳል፤ አንዲት ጠብታ ወደ ጎን አታመልጥም። አሲዱ ኦስቲዮካልሲን የተባለውን ፕሮቲን ከካልሲየም ያላቅቀዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጄራርድ ካርሰንቲና ባልደረቦቹ ይህ ፕሮቲን በአይጦች ቆሽት ላይ ኢንሱሊን እንደሚያበረታ አሳዩ። በ2020 ግን ሁለት ሌሎች ቡድኖች ፕሮቲኑ በሌላቸው አይጦች ላይ የስኳር መዛባት አላገኙም። ስለዚህ አድናቆቴን የማሳርፈው በመጀመሪያው ሆርሞን፣ በኤፍጂኤፍ 23 ላይ ነው፤ የእሱ ሥራ በሕሙማን ላይ በግልጽ ታይቷል።

ኤፍጂኤፍ 23 ከልክ ሲያልፍ ኩላሊት ፎስፈረሱን ያለ ገደብ ያፈሳል፤ የልጁ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩ ይቆለመማል። በአገራችን የሕፃን እግር ሲጎብጥ በቅድሚያ የሚነሳው የፀሐይ እጦት ነው፤ ተገቢም ነው። ይህኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው፤ ፀሐይ ብቻውን አያድነውም። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ቡሮሱማብ የተባለ መርፌ የበዛውን ሆርሞን እየያዘ ሥራውን ይገታዋል። ፀሐይ እየሞቀ፣ ቫይታሚን ዲ እየወሰደ እግሩ የማይቀና ልጅ ካላችሁ፣ የደሙ ፎስፈረስ እንዲለካለት ሐኪሙን ጠይቁ።