መልስ መስጠትና አፍ ማስያዝ

ለስም አጥፊ መልስ መስጠትና ስም አጥፊውን አፉን ማስያዝ አንድ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ልዩነቱን አጥርቼ ያየሁት ዘግይቼ፥ በሰው አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ይታተም የነበረውን የካቶሊኮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ታሪክ ሳነብ ነው።

ከተማዪቱ በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ግዛት የምትገኘው ሀንቲንግተን ናት። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሚዙሪ ግዛት አውሮራ በምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ‹‹ዘ ሜናስ›› ማለት ‹‹አደጋው›› የተባለ ጋዜጣ ተነሣ። ሥራው ካቶሊኮችን መክሰስ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጠመንጃ ተከማችቷል፥ መነኵሲቶች በገዳም ታስረው ይሠቃያሉ እያለ ይጽፋል። የሐሰት ገበያ ቶሎ ይደራልና በ1915 ኅትመቱ ወደ 1,500,000 ቅጂ ደርሶ ነበር።

በሀንቲንግተን ያገለግሉ የነበሩት ቄስ አባ ጆን ኖል ይህን አይተው ዝም አላሉም። የማተሚያ መኪና ገዙና በሜይ 5 ቀን 1912 ‹‹አወር ሰንደይ ቪዚተር›› ማለት ‹‹የእሑድ ጠያቂያችን›› የተባለውን ጋዜጣ በ35,000 ቅጂ አወጡ። ዋጋው አንድ ሳንቲም ነበር። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ብልሃታቸውን ነው፤ ጋዜጣው በየቤቱ ደንበኛ እስኪያገኝ አልጠበቀም፥ በጥቅል ለየደብሩ ይላክና ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከደጃፍ ያገኘዋል። ድኻውም ገዝቶ ያነባል፥ ለጎረቤቱም ያውሰዋል። በ1914 ኅትመቱ 400,000 ደረሰ።

አባ ኖል የጠላትን ክስ አልደበቁም፤ ክሱን አንሥተው መልሱን አስከተሉ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። የሰደበህን ሰው ቃል በራስህ ጋዜጣ ላይ ማንሣት፥ አንባቢህን እንደ ሙሉ ሰው መቍጠር ነው። ያም ሆኖ ጽሕፈታቸውን ያለ ነቀፋ አላልፈውም። በ1913 ያወጡት መጽሐፍ ‹‹አባ ስሚዝ ጃክሰንን ሲያስተምሩት›› ይሰኛል፤ በጥያቄና መልስ የተደረሰ ነው። ጃክሰን ግን ከመጠን በላይ እሺ ባይ ነው። በአርባ ዓመት ገደማ የማስተማር ዘመኔ እንደ ጃክሰን ያለ ተማሪ አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም እጠረጥረው ነበር።

‹‹ዘ ሜናስ›› በፖስታ ነውር ነገር ይልካል ተብሎ ተከሰሰና በ1916 አዘጋጆቹ በነጻ ተለቀቁ። ሸንጎው ሊዘጋው አልቻለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኀይሉ እየደከመ ሄደ፤ የሀንቲንግተኑ ጋዜጣ ሲሰፋ እርሱ ጠበበ። የጦርነቱ ጊዜ የሰውን ሐሳብ ወደ ሌላ መውሰዱም እንዳለ ሆኖ፥ መልሱ ሥራውን ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። አባ ኖል በ1925 የፎርት ዌይን ጳጳስ ሆኑ። በ1938 የአሜሪካ ጳጳሳት ስለ ጨዋ ጽሑፍ ብሔራዊ ድርጅት ሲያቋቁሙ መሪው እርሳቸው ነበሩ። ድርጅቱ ነውር ያለባቸውን መጽሔቶች ስም በዝርዝር ያወጣል፤ ምእመናንም ዝርዝሩን ይዘው ወደ ሱቅ ሄደው ባለሱቁ ከመደርደሪያው እንዲያነሣቸው ይጠይቃሉ። ለወጣቶች ማሰባቸውን አልነቅፍም፤ ከመጽሔቶቹም ብዙዎቹ የሚረቡ አልነበሩም። ነገር ግን ያ ባለ አንድ ሳንቲም ጋዜጣ አንባቢው ክሱንም መልሱንም አይቶ ይፍረድ ይል ነበር፤ ዝርዝሩ ግን አስቀድሞ ፈረደለት። አንድ ሰው በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ያመነውን አንባቢ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ለምን ተጠራጠረው?

እርሳቸውን ለመንቀፍ ግን አፌ አይሞላም። መምህር ሳለሁ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አንድ ልጅ፥ ፈተና ሳርም አዳላለሁ ብሎ ጻፈብኝ። ሐሰት ነበር። ማልጄ ሄድሁና ማንም ሳያየኝ ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትሁት። ለካ ግማሹ ክፍል አስቀድሞ አንብቦታል። በማግሥቱ ከፊት የሚቀመጥ አንድ ጭምት ልጅ እጁን አወጣና ‹‹ቲቸር፥ ሐሰቱ የቱ ላይ ነበር?›› ሲል ጠየቀኝ። የማርክ መዝገቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከፍቼ ባሳየው ይበቃ ነበር። ወረቀቱን ግን ቀድጄዋለሁና ምኑን ከምኑ ጋራ ላመሳክርለት? ደወል እስኪደወል ድረስ ጥቍር ሰሌዳውን ሳጠፋ ቈየሁ።